ግድግዳው እንዲተነፍስ፦ የአንድ አሮጌ የለንደን ሱቅ ቤት የጥገና ማስታወሻ

ፌብሩዋሪ 9

ዛሬ ቁልፉን ተረከብን። ቤቱ ምሥራቅ ለንደን ነው፤ ከስፒታልፊልድስ ገበያ በእግር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከታች ሱቅ አለው። ከሱቁ በላይ ሦስት ፎቅ፣ ከሥሩ ምድር ቤት። ግራና ቀኝ ከጎረቤቶቹ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ መንገዱ በሙሉ እንዲህ በረድፍ ተያይዞ የተሠራ ነው። ፊቱ ጠባብ ነው፣ አምስት ሜትር አይሞላም። ወደ ውስጥ ግን ይዘልቃል። ባለሱቅ ሁሉ ከመንገዱ ዳር ቁራሽ ቦታ ማግኘት ይፈልግ ስለነበር ቤቱ የሚያድገው ወደ ኋላና ወደ ላይ ነው።

ሱቁን የተከራዩት አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ቡና እዚያው እየቆሉ ሊሸጡበት ነው። የጥገናውን ወጪ ባለንብረቱ ችሏል። ሥራውን እኔና አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ አናጺ ይዘነዋል፤ እኔ ግድግዳውን፣ እሱ እንጨቱን።

በሩን ስንከፍት የእርጥበት ሽታ ተቀበለን። እትዬ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ያዙ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና «ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ እያለቀሰ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ ቀለሙ ተልጧል። ጣቴን ስጭነው ነጭ ጨው ይዞ ይመጣል። በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረግኩት። የሲሚንቶ ድምፅ ነው፤ ደረቅና ጠንካራ። በዚህ ቤት ዕድሜ ሲሚንቶ እዚህ ቦታ ላይ መኖር አልነበረበትም።

ፌብሩዋሪ 12

እትዬ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ እዚህ ላስፍረው። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቧል ማለት ምን ማለት ነው?

በእንግሊዝ ይህ ምዝገባ ሥር የያዘው በ1947ቱ የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ነው። (የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) መነሻው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበር። ለንደን በቦምብ ስትደበደብ የትኛው የተጎዳ ቤት ተጠግኖ ይቁም፣ የትኛው ይፍረስ የሚለውን ለመለየት ዝርዝር አስፈለገ። ዛሬ ሦስት ደረጃ አለ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ ባለ ኮከብ፣ ከዚያ ሁለተኛ። የኛ ቤት ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው፤ ከተመዘገቡት ከአሥሩ ዘጠኙ የሚሆኑት እዚያው ናቸው። ብዙ ሰው የሚጠበቀው የቤቱ ፊት ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ደረጃው፣ የውስጥ በሩ፣ ልስኑ፣ የወለሉ ሳንቃ ሁሉ ሕጉ ውስጥ ነው። የቤቱን ባሕርይ የሚነካ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው፤ ገደብ የሌለው የገንዘብ ቅጣት ወይም እስከ ሁለት ዓመት እስር ያመጣል። ፈቃዱን ለመጠየቅ ግን ክፍያ የለም። ውሳኔው በስምንት ሳምንት ውስጥ ይሰጣል ተብሎ ይጠበቃል።

«ታዲያ ምስማር ለመምታትም ፈቃድ ነው?» አሉ እትዬ። አይደለም አልኳቸው። የተበላሸውን በዓይነቱ መተካት፣ በሳንቃ ሳንቃ፣ በኖራ ኖራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። የአካባቢው መስተዳድር የቅርስ ባለሙያ ዛሬ መጥታ አየችው። ሲሚንቶውን ማንሳት፣ የሱቁን ፊት መጠገን፣ የላይኛውን ልስን ማደስ፣ ሁሉንም በዝርዝር ጽፈን እንድናስገባ ነገረችን። የፕላስቲኩን የሱቅ ማስታወቂያ ግን አሁኑኑ ማንሳት እንደምንችል ፈቀደች።

ፌብሩዋሪ 20

ቤቱ መቼ እንደተሠራ ከራሱ ከቤቱ መጠየቅ ይቻላል። ዛሬ ሙሉ ቀን ሜትር ይዤ ስለካ ዋልኩ።

የድሮዎቹ የለንደን የግንባታ ሕጎች በአብዛኛው ከእሳት ፍርሃት የወጡ ናቸው። ከ1666ቱ ቃጠሎ በኋላ የውጭ ግድግዳ በጡብ ወይም በድንጋይ ይሠራ ተባለ። በ1709 ደግሞ የመስኮቱ የእንጨት መቃን ከግንቡ ፊት አራት ኢንች ወደ ውስጥ ይግባ ተባለ፤ እሳት ከመስኮት ወደ መስኮት እንዳይዘል ነው። በ1774 የወጣው ትልቁ ሕግ ጠበቅ አደረገው። የመስኮቱ ሳጥን ከጡቡ ጀርባ እንዲደበቅ አዘዘ። የኛን የላይኛውን ፎቅ መስኮት ከውጭ ስታየው ቀጭን የእንጨት መስመር ብቻ ነው የሚታይህ። ገመዱና የብረት ክብደቱ ያሉበት ሳጥን በሙሉ ከጡቡ ጀርባ ነው። ስለዚህ ቤቱ ከ1774 በኋላ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ የሱቁ መስኮት ነው። ደረቱን ገፋ አድርጎ ወደ መንገዱ ጎብጧል። ያው ሕግ የሱቅ መስኮት በሰፊ መንገድ ላይ ከአሥር ኢንች በላይ እንዳይወጣ፣ ጠባብ መንገድ ላይ ደግሞ ከአምስት ኢንች እንዳያልፍ ከልክሏል። ቱንቢ ጥዬ ለካሁት። አሥር ኢንች፣ ልክክ ብሎ። ያ አናጺ ሕጉ ከፈቀደለት አንዲት ጣት እንኳ አላስቀረም። እቃው በፀሐይ እንዲታይ፣ አላፊ አግዳሚው ዞር እንዲል ፈልጓል።

የሱቅ ፊት ውበት ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል ማየት የሚፈልግ ሰው አርቲለሪ ሌን 56 ቁጥርን ሄዶ ይይ። ለሐር ነጋዴዎች በ1750ዎቹ የተሠራ ነው፤ በአንደኛ ደረጃ ተመዝግቧል። ከሥራ ስወጣ በዚያ በኩል ዞሬ ነው ወደ ቤቴ የምሄደው። የኛው የድሃ ዘመዱ ነው፤ ግን ዘመድ ነው።

ፌብሩዋሪ 26

የላይኛው ፎቅ መስኮት ሰፊ ነው፤ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ይዞታል ማለት ይቻላል። ሽማግሌው አናጺ ገና ሲያየው «ሸማኔ» አለ።

በ1685 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ለፕሮቴስታንቶች የነበረውን የእምነት ነፃነት ሲሽር ሁጉኖ የሚባሉት ተሰደዱ። ብዙዎቹ የሐር ሸማኔዎች ነበሩ፤ ስፒታልፊልድስ ሰፈሩ። የሐር ሥራ ብርሃን ይፈልጋል። ስለዚህ በሰፈሩ ሸማኔ የሚኖርበት ቤት ጣሪያ ሥር ሰፊ መስኮት አለው። ከታች ሱቅ፣ መሐል ላይ መኖሪያ፣ ጫፉ ላይ የሽመና ዕቃ። ከ1860 በኋላ የፈረንሳይ ሐር ያለ ቀረጥ ሲገባ የሰፈሩ ሽመና ተንኮታኮተ።

ከዚያ ሌሎች መጡ። ፉርኒየር መንገድ ከብሪክ ሌን ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ ያለው ሕንፃ ይህን ሁሉ አይቷል። በ1743 የሁጉኖዎች ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ተሠራ። በኋላ የሜቶዲስቶች ሆነ፣ ከ1898 ጀምሮ የአይሁዶች ምኩራብ፣ ከ1976 ወዲህ መስጊድ። ያ አንድ ሕንፃ በየዘመኑ የተሰደደውን ሁሉ ተቀብሏል። እትዬ ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩ። «እኛስ አራተኛ መሆናችን ነው» አሉ በመጨረሻ።

ማርች 5

ሁለት ቀን ባንክሮፍት መንገድ ባለው የታወር ሃምሌትስ የታሪክ ቤተ መጻሕፍት አሳለፍኩ። ባጭሩ፦ በ1841ዱ የሕዝብ ቆጠራ ሱቁ የቺዝና የቅቤ ነጋዴ ነበር። ቆጠራው የሰውን ስም በዝርዝር መያዝ የጀመረው ያኔ ነው። በቤቱ አሥራ አንድ ሰው ይኖራል፤ ቤተሰቡ፣ ሠራተኛዋ፣ ሁለት ተለማማጆች፣ ላይ ደግሞ ተከራይ ሸማኔ። ከዚያ ጫማ ሠሪ፣ ከዚያ ልብስ ሰፊ። ቻርልስ ቡዝ በ1889 ባሳተመው የድህነት ካርታ ላይ መንገዳችን ቀይ ተቀብቷል፤ ደህና ኑሮ ያላቸው ባለሱቆች ማለት ነው። ከጀርባው ያለው መተላለፊያ ግን ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ እጅግ ድሆች ማለት ነው። ሃያ እርምጃ ልዩነት።

ማርች 17

የፕላስቲኩን ማስታወቂያ ዛሬ አነሳን። ብሎኑ ዝጎ ስለነበር በመሮ እየፈለፈልን አወጣነው። ከሥሩ የቆርቆሮ ማስታወቂያ ነበር። ከዚያም ሥር አሮጌው የስም ሳንቃ።

ከ1760ዎቹ በፊት የለንደን ሱቅ የሚታወቀው ከበሩ በላይ በሚንጠለጠል ምልክት ነበር፤ የወርቅ ቁልፍ፣ ቦት ጫማ፣ አንበሳ። ምልክቶቹ እየከበዱ፣ መንገዱን እየዘጉ፣ አንዳንዴም እየወደቁ ሲያስቸግሩ እንዲነሱ ታዘዘ። ስም በሳንቃ ላይ መጻፍ የተስፋፋው ያኔ ነው።

የኛ ሳንቃ ላይ ቀለሙ አልቋል። ግን ፊደሉ ያረፈበት እንጨት በፀሐይና በዝናብ እንደ ሌላው አልተበላም፤ ቀለሙ ጠብቆታል። የእጅ ባትሪ ከጎን ስናበራበት ፊደሉ ጥላ ሆኖ ብቅ አለ። የመጀመሪያው ስም ተፍቋል፣ አይነበብም። መጨረሻው ላይ «እና ልጅ» ይላል።

ሽማግሌው አናጺ ከመሰላሉ ሳይወርድ ቆብ አወለቀ።

አፕሪል 10

ፈቃዱ መጣ። ሲሚንቶ ማንሳት ጀመርን።

ጉዳዩን ለማያውቀው ሰው ልንገር። የለንደን ጡብ ለስላሳ ነው። ቢጫማው ጡብ የሚሠራው ከአካባቢው ሸክላ አፈር፣ ከጠመኔና ከተነፋ የቤት አመድ ነው። አመዱ ውስጥ የቀረው የከሰል ፍርፋሪ ጡቡ ሲተኮስ ከውስጥ ሆኖ ይነዳል። እንዲህ ያለ ጡብ ውሃ ይጠጣል። መሠረቱም ጥልቅ አይደለም፤ እርጥበት ከሥር ይወጣል። የድሮ ግንበኞች ይህን ስለሚያውቁ በኖራ ነው የገነቡት። ኖራ ከጡቡ ይለሰልሳል። ውሃው በጡቡ መካከል ባለው ኖራ በኩል ወጥቶ በነፋስ ይደርቃል። ግድግዳው ይጠጣል፣ ይተነፍሳል፣ ይደርቃል።

ከዓመታት በፊት የመጣ አንድ ኮንትራክተር የጡቡን መገጣጠሚያ ከውጭ በሲሚንቶ ሞልቶ፣ ከውስጥም እስከ ወገብ በሲሚንቶ ለሰነው። ያኔ አምሮ ነበር አሉ። ሲሚንቶ ግን ውሃ አያሳልፍም። ውሃው መውጫ ሲያጣ በጡቡ በኩል መጣ፤ ክረምት ላይ በረዶ ሲሆን የጡቡን ፊት እየገፈፈ ጣለው። ዛሬ ሲሚንቶውን ስነቅል የጡቡ ፊት አብሮ ሲወጣ አንጀቴን አላወሰው። በማሽን ቢሆን ሁለት ቀን ነበር። በእጅ፣ በቀጭን መሮ፣ ሦስት ሳምንት ወሰንን።

ይህ ስሕተት የለንደን ብቻ አይደለም። የጎንደር ነገሥታት ግንብ በድንጋይና በኖራ ነው የተሠራው። በ1930ዎቹ ጣሊያኖች ሲጠግኑት ሲሚንቶና የብረት ኮንክሪት አስገቡበት፤ በኋላ የመጡት ጠጋኞች እሱን አንስተው ወደ ኖራው መመለስ ነበረባቸው። ልጅ ሆኜ በፋሲል ግንብ ሥር ሳልፍ ይህን አላውቅም ነበር።

ሜይ 2

ግድግዳው ተራቁቷል። ሽታው ገና ከአሁኑ ቀነሰ።

ኖራው ከበርሜል ነው የሚወጣው፤ ነጭ፣ እንደ ቅቤ ለስላሳ። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ገደማ ይቃጠላል፣ ከዚያ ውሃ ሲነካው ፈልቶ ይፈርሳል፣ ከዚያ ለወራት ይተኛል። አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ እናደርጋለን። እንደ ሲሚንቶ በሰዓታት አይጠነክርም። ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ ብሎ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። ብርድ ይጠላል፤ ከ5 ዲግሪ በታች ሥራ የለም። ፀሐይም ይጠላል። ስለዚህ ግድግዳውን እርጥብ ጆንያ አልብሰነዋል። ጠዋትና ማታ ውሃ እረጭበታለሁ።

ማታ ደብረ ታቦር ደወልኩ። አባዬ ዕድሜ ልኩን ጭቃ ቤት ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ጆንያውን ስነግረው «ደግ አድርገሃል» አለኝ። «የቸኮለ ግድግዳ ይሰነጠቃል። ጭቃውስ ከጭድ ጋር ስንት ቀን ቦካ?» ጭቃ አይደለም፣ ኖራ ነው አልኩት። «ያው ነው። ካልቦካ አይይዝም።»

ሜይ 23

ሁለተኛው ፎቅ። እዚህ የክፍል መለያው ግድግዳ በጡብ የተሠራ አይደለም። በእንጨት ምሰሶዎች ላይ ቀጫጭን የእንጨት ልጥ በአግድም ተመትቷል፤ በመካከሉ የትንሽ ጣት ያህል ክፍተት አለ። ኖራው ሲጫን በክፍተቱ አልፎ ከጀርባ ይታጠፍና ይይዛል። ለመያዣ የከብት ወይም የፍየል ፀጉር ይገባበታል።

ሳየው በሳቅ ፈነዳሁ፣ ከደስታ። ማገር ነው! ማገርና ምርጊት። በጭድ ፋንታ ፀጉር፣ በጭቃ ፋንታ ኖራ። አባዬ ይህን ቤት ቢገባ ለመጠገን ምንም ትምህርት አያስፈልገውም።

ያም ሆኖ አጠፋሁ። የመጀመሪያውን ልስን ጥቅጥቅ አድርጌ ጫንኩት፤ ደህና ቀን ነበርና መስኮቱን ከፍቼ ሄድኩ። በማግስቱ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። አንድ ሙሉ ግድግዳ አነሳሁ። ልጡን በውሃ አርሼ፣ ሳሳ አድርጌ፣ መስኮቱን ዘግቼ እንደገና ጀመርኩ። ሦስት ንብር ነው የሚለሰነው፤ አንዱ ሳይጠነክር ሌላው አይደረብም። ይህን አባዬ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር።

ጁን 14

ሽማግሌው የሱቁን ፊት ይዟል። የመስኮቱ የታች እንጨት በስብሷል። አውጥቶ ሙሉ በሙሉ አዲስ ያደርገዋል ብዬ ነበር። አላደረገም። የበሰበሰውን ብቻ በመሮ ቆርጦ፣ ከዚያው ዘመን ከተረፈ የጥድ ሳንቃ ቁራጭ አዘጋጅቶ አዳቀለበት። ጣቴን ባሳልፍበት መገጣጠሚያውን አላገኘሁትም። ጥዱ ከባልቲክ የመጣ ነው፤ በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ ስላደገ ቀለበቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ዛሬ ከሱቅ የሚገዛው ጥድ ይህን አያህልም።

ከሃያ አራቱ የመስኮት ብርጭቆዎች ዘጠኙ የጥንቱ ናቸው። ከጎን ሲታዩ ውሃ ላይ ጠጠር እንደተጣለ ክብ ክብ ሞገድ አላቸው። ክራውን የሚባለው ብርጭቆ ነው። የቀለጠው ብርጭቆ ይነፋል፣ ይከፈታል፣ ከዚያ እንደ ምጣድ ክብ እስኪሆን በፍጥነት ይሽከረከራል። ከክቡ ሰፊ መስኮት አይወጣም፤ የድሮ መስኮት በትናንሽ ካሬ የተከፋፈለው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ከ1746 እስከ 1845 ብርጭቆ በክብደቱ ይቀረጥ ነበርና ስስ አድርገው ነው የሚሠሩት። በኋላ ትልልቅ መስታወት ሲረክስ ጎረቤቶቹ ሁሉ ትናንሾቹን አውጥተው ጣሉ። የኛ ባለሱቅ አልጣለም። አቅም አጥቶ ይሆናል። አቅም ባያጥረው ኖሮ ዛሬ እነዚህን ዘጠኙን አናይም ነበር።

ቀለሙን በምላጭ ጫፍ በአንድ ቦታ ገለጥነው፤ አሥራ ሰባት ንብር። የታችኛዎቹ እርሳስ ያለባቸው ስለሆኑ በአሸዋ ወረቀት አይፈገፈጉም፤ አቧራው መርዝ ነው። ያልተነሳው ባለበት እንዲቆይ ተስማማን። ከላዩ እንቀባለን።

ጁላይ 8

እትዬ መቼ ግድግዳው እንደሚቀባ ጠየቁ። ክፉ ዜና መንገር ነበረብኝ። እርጥብ ግድግዳ በአንድ ወር አንድ ኢንች ይደርቃል የሚል የግንበኛ ልማድ አለ። የፊቱ ግድግዳ 34 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዓመት በላይ ይፈልጋል። እስከዚያ የፋብሪካ ቀለም አይነካውም፤ በውሃ የቀጠነ ኖራ ብቻ።

«ነጭ ነው?»

ነጭ ነው አልኳቸው።

«ጥሩ። የእናቴ ቤትም በኖራ ነበር የሚቀባው» አሉና ምድጃው የት እንደሚቀመጥ ያሳዩኝ ጀመር።

የስሙን ሳንቃ በተመለከተ የቅርስ ባለሙያዋም ተስማምታለች። አዲሱ ሳንቃ ከአሮጌው ፊት በሁለት ጣት ርቀት ይቆማል። ብሎኑ የሚገባው ቀድሞ በነበረው ቀዳዳ ብቻ ነው። «እና ልጅ» ባለበት፣ ከጀርባ፣ አየር እያገኘ ይኖራል።

ጁላይ 19

ምድር ቤቱን ስናጸዳ ከከሰል ማከማቻው ጀርባ ስድስት ረጃጅም ሳንቃዎች ተደርድረው አገኘን። የሱቁ መዝጊያዎች ናቸው። ድሮ ተለማማጁ ልጅ ጠዋት አንድ በአንድ አውርዶ ወደ ውስጥ ያስገባቸዋል፣ ማታ ደግሞ ከመስኮቱ በላይና በታች ባለው ቦይ ውስጥ እየሰካ ይገጥማቸዋል። እያንዳንዱ ጀርባ ላይ በመሮ የተቆረጠ የሮማውያን ቁጥር አለ። ተራው ከተሳሳተ አይገጥምም፤ መስኮቱ ጎባጣ ስለሆነ እያንዳንዱ በልኩ ነው የተላገው።

ቦዩን ከአሥራ ሰባቱ ንብር ቀለም አጸዳነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ገቡ። አራተኛው የለም። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ገቡ። መሐል ላይ አንድ መዝጊያ የሚያህል ብርሃን ቀረ። ሽማግሌው በባልቲኩ ጥድ ቁራጭ ላይ መለኪያውን አስቀምጦ በእርሳስ ምልክት እያደረገ ነው። ቁጥሩን እኔ እንድቆርጥ መሮውን ሰጥቶኛል። ነገ እንገጥመዋለን።